«አዘጋጅ» ወይስ «ባለአደራ»? የመስከረም አሰግድን ሥራ ስለ መሰየም

የኩሬተርን ሙያ በአማርኛ ብዙ ጊዜ «አዘጋጅ» እንለዋለን። ቃሉ ሥዕል መርጦ የሚሰቅልን እንጂ ቤት የሚያቆምን ሰው አያሳይም። የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ የሆኑት መስከረም አሰግድ እ.ኤ.አ. በ2002 ዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማእከልን በአዲስ አበባ መሠረቱ፤ በ2019 ደግሞ ከአርቲስት ኤልያስ ስሜ ጋር ዞማ ሙዚየምን ከፈቱ። ከጭቃና ከጭድ በነባሩ የአገር ቤት አሠራር የታነጸው የሙዚየሙ ግድግዳ ራሱ ትርኢት ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ መራጭና ሠሪ ስለሚቀላቀሉ፣ ሐያሲ በእጅ የሠራውን ብቻ አመስግኖ ቢያልፍ የመስከረም ድርሻ ከታሪክ ይጠፋል። ጭቃ ደግሞ በየጊዜው ካልተመረገ ይፈርሳል። ስለዚህ የሙያቸው መለኪያ የመክፈቻው ዕለት ሳይሆን ከዚያ ወዲህ ያለው ጥበቃ ነው፤ ይህን «ባለአደራ» የሚለው ቃል የተሻለ ይገልጸዋል።