ባንድ የሌለው የባንድ መሪ

እኛ ባሕር ዳሮች ዘፋኝ የሌለውን ሙዚቃ የወግ ማጀቢያ እናደርገዋለን እንጂ ጆሮ ሰጥተን አንሰማውም። እኔም ከዚህ አልወጣም። የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» ደግሜ ሳደምጥ ግን አፈርሁ።

ኃይሉ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ መሪ ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዚያው ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዞ ይህን ካሴት ብቻውን ቀረጸ። ኋላም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ።

እውነቱን ለመናገር የከበሮ ማሽኑ ድርቅ ያለ ነው፤ የሰው እጅ ለዛ የለውም። አኮርዲዮኑ ግን በላዩ ያንጎራጉራል፤ ኪቦርዱ ይቀበለዋል። ራሱ አውጪ፣ ራሱ ተቀባይ! የባንዱ አለመኖር ራሱ የዜማው ናፍቆት ሆኗል፤ ይህን ለመናገር ግጥም አላስፈለገውም።

የካሴቱን አንድ ቅጂ እዚሁ ባሕር ዳር ያገኘው አሜሪካዊው አሳታሚ ብራያን ሺምኮቪትዝ ነው። በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ከጣና ዳር የተገኘውን ዜማ ባዳ ሰምቶ ነገረን። እንግዲህ ቤታችሁ አሮጌ ካሴት ካለ፣ ከመጣላችሁ በፊት ወጉን ተዉና አንድ ጊዜ አድምጡት።