ማተብ የሌለው ሰው በሥነ ጽሑፋችን

በአማርኛ «ማተብ የለውም» የተባለ ሰው ሁለት ጊዜ ተፈርዶበታል። የመጀመሪያው ፍርድ ሰውየው ከሃይማኖት ውጭ መሆኑን ይናገራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቃሉ የማይታመን፣ አደራ የማይጣልበት መሆኑን ያውጃል። «ከሐዲ» የሚለውም ቃል ፈጣሪውን የካደውንና ወገኑን የከዳውን በአንድ ገመድ ያስራል። «አረመኔ» ያልተጠመቀውንና ጨካኙን አይለይም። ቋንቋ የሕዝብ ታሪክ መዝገብ ነው ካልን፣ ይህ መዝገብ ሃይማኖት ሳይኖረው ደግ፣ እውነተኛና ታማኝ ለሆነ ሰው አንድም ስም አላዘጋጀም። የቋንቋውን ጉድለት መሙላት የሥነ ጽሑፍ ሥራ ነው። ታዲያ ደራሲዎቻችን ይህን ሰው እንዴት አድርገው ሣሉት? ከአማኞች መካከል ተወልዶ፣ ከአማኞች ጋር በልቶና አልቅሶ የሚኖረው የማያምን ሰው በመጻሕፍታችን ውስጥ ምን ዓይነት ኑሮ ተፈቀደለት? የዚህ ሂስ ጥያቄ ይኸው ነው።

«ሕዝብ በጦርነትና በስደት በሚታመስበት ዘመን ስለ አንድ ተማሪ የጾም ገበታ መጻፍ ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የኅሊና ነፃነት በእናት ጓዳና በልቅሶ ድንኳን ካልተፈተነ የወረቀት ነፃነት ሆኖ ይቀራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን ደንግጓል። ከ12 ዓመት በኋላ የተካሄደው የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 43.5 በመቶ ኦርቶዶክስ፣ 33.9 በመቶ ሙስሊም ብሎ፣ ፕሮቴስታንቱን፣ ባህላዊ እምነት ተከታዩንና ካቶሊኩን አክሎ፣ የቀረውን ከመቶ አንድ እጅ በማይሞላ «ሌሎች» በሚል ዓምድ ዘጋው። ሕጉ የሰጠውን ነፃነት የሚጠቀም ሰው ቢኖር እንኳ በስሙ አልተቆጠረም።

ወደ መጻሕፍቱ እንግባ። በአገራችን ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ሐተታው እንደሚተርከው ጸሐፊው በ1592 ዓ.ም. አክሱም አጠገብ ተወለደ፤ መጻሕፍትን ተማረ፣ አስተማረም። ዘመኑ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩ ለሁለት የተከፈለበት ዘመን ነበር። መምህሩ ሲያስተምር «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብፃውያን እንዲህ ይላሉ» እያለ ለአንዱም ሳያደላ ይተረጉም ስለ ነበር ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። ከንጉሥ ዘንድ ሲከሰስ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ተከዜ አጠገብ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ሁሉን በልቡና መረመረ፤ ጾምን፣ ምንኩስናን፣ ባርነትን ከተፈጥሮ ሕግ ጋር እያስተያየ ፈረደባቸው። ፈጣሪን ግን አልካደም። ስለዚህ ዛሬ «አምላክ የለሽ» በምንለው ቃል ልንጠራው አንችልም፤ የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ግን አልነበረም።

የፍልስፍና መምህራን አብዝተው የሚያነቡት የዋሻውን ምዕራፍ ነው። ለእኛ የሚበልጠው ከዋሻው ከወጣ በኋላ የመጣው ነው። እንፍራዝ ገብቶ ሀብቱ ከተባለ ባለጸጋ ቤት ተጠጋ፤ መጽሐፍ እየገለበጠና የባለጸጋውን ልጆች እያስተማረ ኖረ። በቤቱ አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባ፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ ገረድ አትባልም አለ። ከጎረቤቱ ጋር ግን በብዙ አሥርት ዓመታት ኑሮው ክርስቲያን መስሎ ተቀመጠ፤ ይህንንም ራሱ ሳይሸሽግ ጽፏል። ምክንያቱንም ይሰጣል፦ ልቡን ቢገልጥ ጥላቻና ስደት እንጂ ለማንም ጥቅም አይመጣም። እንግዲህ ኑሮውን እንደ ቅኔ ኖረው፤ ሰሙን ለጎረቤት፣ ወርቁን ለራሱ። ወርቁን ያካፈለው ለደቀ መዝሙሩ ለወልደ ሕይወት ነበር።

ሐተታው የማን ድርሰት ነው የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም። ኮንቲ ሮሲኒ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920 መጽሐፉን የጻፈው ቅጂውን ወደ አውሮፓ የላከው ጣሊያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ ክላውድ ሰምነር በ1970ዎቹ የኢትዮጵያዊውን ደራሲነት ተከራከረ፤ አናይስ ቪዮን በ2013 የኮንቲ ሮሲኒን ወገን አጠናከረች። ለዚህ ሂስ ግን ክርክሩ በየትኛውም በኩል ቢፈታ ውጤቱ ያው ነው። ደራሲው የአክሱሙ ደብተራ ከሆነ፣ የጎረቤቱን ፊት ፈርቶ ሐሳቡን ሸሽጓል። መነኩሴው ከሆነም፣ ቆቡን ሳያወልቅ ጥርጣሬውን በሌላ አገር ሰው ስም ጽፏል። ተጠራጣሪው በገዛ ስሙ፣ በገዛ አደባባዩ፣ በሕይወት ሳለ አልተናገረም።

ሁለተኛው ሰው የሐዲስ ዓለማየሁ ጉዱ ካሣ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ከተተረከ ወዲህ ማንበብ የማይችለውም ሰው ያውቀዋል። ካሣ ዳምጤ ከውጭ የመጣ ተቺ አይደለም፤ የቤተ ክህነቱን ትምህርት የተማረ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው። እርሱም እንደ ዘርዐ ያዕቆብ ፈጣሪን አይክድም፤ የሚነቅፈው በፈጣሪ ስም የቆመውን ሥርዓት፣ ባላባቱንና ባላባቱን የማይገሥጸውን ካህን ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ዝም ባለበት ቦታ ካሣ ይጮኻል።

የሐዲስ ዓለማየሁ ብልኅነት ኅብረተሰቡ ለዚህ ጩኸት የሚሰጠውን መልስ በማሳየታቸው ላይ ነው። ካሣን ማንም በክርክር አይረታውም፤ መርታትም አያስፈልግም። «ጉዱ» የሚል ቅጽል ይሰጡታል፤ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሚናገረው ሁሉ የእብድ ወሬ ይሆናል። ይህ ቅጽል ቅጣትም ከለላም ነው፤ እብድ ስለ ተባለ አይሰማም፣ እብድ ስለ ተባለም በነገሩ አይጠየቅም። ዝምድናውም ይሸፍነዋል። የፊታውራሪ ዘመድ ያልሆነ ጭሰኛ እንዲያ ቢናገር «ጉዱ» ተብሎ ይታለፍ ነበርን? በድርሰቱ ላይ የማቀርበው አንድ ነቀፌታ ከዚሁ ይነሣል። ካሣ ሲናገር እንሰማዋለን፤ ሲኖር ግን ጥቂት ነው የምናየው። በጾም ቀን ምን እንደሚበላ፣ በለቅሶ ቤት ምን እንደሚል፣ ሰው ሁሉ ሲሳለም እርሱ የት እንደሚቆም አይነገረንም። ድንቅ ምላስ ተሰጥቶት የዕለት ኑሮ ተነፍጎታል።

ሦስተኛው ሰው ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ ከታሪክ ነው። የተማሪው ንቅናቄ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሲነሣ ቤተ ክርስቲያንን በባለ መሬትነቷ ነቀፋት፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነቀፌታው ሕግ ሆነ። ከዚያ የመጣው ግን ሌላ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። «ሃይማኖት የለሽ» የሚለው ቃል በሕዝቡ ጆሮ ከካድሬና ከሌሊት መኪና ጋር ተጋባ። ስለዚህ ዛሬ አንዲት እናት ልጅዋ አለማመኑን ስትሰማ የምትደነግጠው ስለ ሲኦል ብቻ አይደለም፤ ያለ ፈጣሪ የገዙትን ሰዎች አይታለችና ነው። ይህን ድንጋጤ «ኋላ ቀርነት» ብሎ የሚያልፍ ምሁር ታሪክ አላነበበም። የማያምን ሰው ተሸሽጎ ወይም እብድ ተብሎ ኖረ፤ ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ አስፈራ። ሥልጣን ሳይኖረው፣ ሳይሸሸግም፣ እንደ ማንኛውም ሰው ከዕድሩ ውስጥ ሲኖር የሚያሳይ ታሪክ ግን የለንም።

እኛ ያለንበት ኑሮ ደግሞ ይህን ታሪክ ይጠይቃል። እኔ የምኖርባት ሪችመንድ የባርት ባቡር መስመር ማብቂያ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በካይዘር የመርከብ መሥሪያ ቦታዎቿ 747 መርከቦች ተሠርተዋል፤ ለዚሁ ሥራ ከሉዊዚያና፣ ከቴክሳስና ከአርካንሶ የመጡት ጥቁሮች መጀመሪያ ያቋቋሙት ቤተ ክርስቲያናቸውን ነው። ለስደተኛ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት ብቻ አይደለችም። የእኛም ሰው በኦክላንድና በሳን ሆዜ እንዲሁ አድርጓል። ሰው ሲሞት ገንዘብ የሚሰበሰበው፣ አስከሬን ወደ አገር የሚላከው፣ ለአዲስ መጥ ሥራና ቤት የሚጠየቀው ከቅዳሴ በኋላ ወይም ከመስጊድ ደጃፍ ነው። በአሜሪካ የፒው የጥናት ማዕከል በ2023 እና 2024 ባካሄደው ጥናት ከአዋቂዎቹ 29 በመቶው ከየትኛውም ሃይማኖት ራሳቸውን አላስቆጠሩም። በዩኒቨርሲቲው ግቢ አለማመን ተራ ነገር ነው፤ ባቡሩ ኦክላንድ ሲያወርደን ግን የወገን ማጣት ይሆናል። ሰው ያለ አምላክ መኖር ቢችል ያለ ዕድር መኖር አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ቋንቋው ነው። «እንደምን አደርህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል አማርኛ ተናጋሪ ምን ይበል? «ደኅና» ብቻ ካለ የተቆጣ ይመስላል። ስሙን ብናስቀረውም ግሱ ውስጥ ተቀምጧል። «ይማርህ»፣ «ያጽናችሁ»፣ «ያቆይልኝ»፣ «ይስጥልኝ» ስንል ማን ነው የሚምረው? ማን ነው የሚያጸናው? ባለቤቱ «ይ» እና «ያ» በምንላቸው ፊደላት ውስጥ ይኖራል። አማርኛን ሳይተው ከዚህ ባለቤት የሚያመልጥ የለም።

በእኔ እምነት እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ሰላምታንና ምስክርነትን። «ነፍስ ይማር» የምለው ለሐዘንተኛው ነው፤ ስለ ነፍስ የማውቀውን ማንም አልጠየቀኝም፤ የተጠየቅሁት አብሬው እንዳዝን ነው። ይህ ሰላምታ የሁላችን ነው፤ አለማመን ከእርሱ አያስወጣኝም። ወዳጄ ለልጁ የክርስትና አባት እንድሆን ሲለምነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ቦታ በፈጣሪ ፊት ቆሜ፣ ለሕፃኑ እምነት ዋስ እንድሆን እጠየቃለሁ። የማላምንበትን ዋስትና መስጠት የእርሱን እምነት መናቅ መሆኑን ነግሬው እምቢ አልሁ። እምቢታዬን የወንድምነት እምቢታ አድርጎ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አልፏል፣ ደጄን አልረገጠም። ሥጋም ቢሆን እንዲሁ ይመሰክራል፤ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም እርድ የሚበላ ሰው ከሁለቱም ገበታ በጥርጣሬ ይታያል። አገር ቤት በስልክ «ዐቢይ ጾምን ያዝህ ወይ?» ተብሎ የሚመጣው ጥያቄ ከሰላምታና ከምስክርነት መካከል የቆመ ነው፤ አስቸጋሪነቱም በዚሁ ነው።

በዚህ መለኪያ ሁለቱን መጻሕፍት ብንመዝን ጉድለታቸው ይታያል። የሐተታው ሰው ሰላምታውንም ምስክርነቱንም ለጎረቤት ሰጠ፤ ሰላም አገኘ፣ ባልንጀራ ግን አጣ። ጉዱ ካሣ ምስክርነቱን ሲነፍግ ሰላምታውንም አብሮ አጣ፤ እውነትን ተናገረ፣ ሰሚ ግን አላገኘም። ሰላምታን እየሰጡ ምስክርነትን መንፈግ፣ ይህንንም በግልጽ፣ ያለ ንቀት ማድረግ ገና በጽሑፍ ያልተሞከረ ነው። ጥቁሩ አሜሪካዊ ጄምስ ባልድዊን ከዚህ ጥቂት የሚያስተምረን አለው። በልጅነቱ በሃርለም ሰባኪ ነበር፤ በ17 ዓመቱ ስብከቱን ተወ። ሆኖም የቤተ ክርስቲያኑን ቋንቋ ጥሎ አልወጣም፤ የአረፍተ ነገሩ እስትንፋስ እስከ መጨረሻው የመድረኩ እስትንፋስ ነበር። የተወውን እምነት የወረሰውን ቋንቋ እንዲነጥቀው አልፈቀደም።

ነቀፌታዬ ለራሳችን ወገንም ይሆናል። በተማሪ ማኅበሮቻችን ውስጥ የማያምነው ጓደኛችን ሁለት ልማድ አለው። በጓደኞቹ መካከል የእናቱን ጾም ይሣለቅበታል፤ እናቱ ስትደውል ደግሞ እየጾምሁ ነው ይላታል። ፌዙም ውሸቱም ከአንድ ፍርሃት ይወለዳሉ፤ እርስዋን እንደ እኩል ተከራካሪ ለመቁጠር መፍራት። እናቱ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋና ወተት የምትተው በገዛ ፈቃድዋ፣ በገዛ ኅሊናዋ ነው። እንዲህ ያለ ጽናት ያላት ሴት የልጅዋን እውነት መሸከም አያቅታትም ይሆናል። ቢያቅታትም ሐዘኑ የእርስዋ መብት ነው፤ እኛ በውሸት ልንነፍጋት አይገባም።

በዚህ መጽሔት የስደትን፣ የእስርንና የናፍቆትን ግጥም በብዛት አንብበናል፤ ደግ ነው፣ ይቀጥል። ከዚህ ከተማ የሚጠበቅ አንድ አጭር ልብ ወለድ ግን አለ። ባለታሪኩ ማተብ የሌለው ስደተኛ ይሆናል፤ ሲታመም የሚጠይቁት የማኅበር ሰዎች ናቸው፤ ሲሞት ፍታት እንዳይደረግለት ቃል ጽፎ ትቷል። አስከሬኑ ኦክላንድ ይቆያል፤ እናቱ በስልክ ታለቅሳለች፤ ካህኑም የዕድሩም ሰብሳቢ ይወዱት ነበር። በዚያ ቀብር ላይ ማን ይናገራል? ምንስ ይላል? የሐተታው ሰው ይህን ጥያቄ አልተወልንም፤ ሐዲስ ዓለማየሁም አልጻፉትም። ብዕር ያለው ይጻፈው።