የተራራ መለኪያው ምንድን ነው?

ስለ ተራሮች የሚያወሱ የጉዞ መጻሕፍትና የቱሪዝም በራሪ ጽሑፎች አንድ የጋራ ልማድ አላቸው። ከተራራው ስም ጎን ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ ያሰፍሩና ማዕረጉን በዚያ ብቻ ይወስናሉ። ልማዱ ለአንባቢ ዓይን ይመቻል፤ ዳገቱን ለሚወጣ እግር ግን እውነቱን አይነግረውም።

በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ሥራ የሚውል ደገኛ ምሳሌውን ሩቅ መፈለግ አያሻውም። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለው የጎዳ ተራራ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ አለው። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘውን አዲስ አበባን የለመደ ሰው በቁጥሩ ብቻ ቢመዝነው፣ ጎዳ ከመርካቶ በታች የቀረ ጉብታ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ እንጦጦ 3,200 ሜትር ቢደርስም ከከተማዋ በላይ የሚወጣው 800 ሜትር ያህል ነው፤ ጎዳ ግን የሚነሣው ከባሕር ዳር ነው። ዛሬ ክፉኛ የተመናመነው የዳይ ጥድ ደን በላይኛው ክፍሉ ሊበቅል የቻለውም ከበረሃው ሙቀት በላይ በመውጣቱ ነው።

ይህን ጉድለት የሚያርም ሌላ ልኬት አለ፤ እርሱም የተራራው ጉልህነት ነው። ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ወደሚበልጠው ጫፍ ለመሻገር ቢያንስ ምን ያህል መውረድ የግድ እንደሚሆን ይጠይቃል። በዚህ ሚዛን የራስ ደጀን ደረጃ ይለወጣል። በከፍታ 5,199 ሜትር ያለው የኬንያ ተራራ ይበልጠዋል፤ በጉልህነት ግን ራስ ደጀን 3,997 ሜትር ይዞ የኬንያን 3,825 ያልፋል፤ በአፍሪካም ከኪሊማንጃሮ ቀጥሎ ይቆማል። በመጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሲታተም የኖረው የ4,620 ሜትር ከፍታ በኋለኛ ልኬት ወደ 4,550 ሲወርድ፣ ተራራው አንዲት ስንዝር አላጠረም።

ጉልህነትም ቢሆን መንገዱን አይገልጽም። ከጨነቅ ተነሥቶ በቧሂት በኩል ወደ ራስ ደጀን የሚጓዝ ሰው እስከ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር ግድም ድረስ ይወርዳል። ከዚያ እስከ ጫፉ የሚቀረው 1,750 ሜትር ዳገት ነው፤ ልክ ጎዳ ከባሕሩ የሚነሣበትን ያህል። አንደኛው በብርድና በሳሳ አየር፣ ሁለተኛው በሙቀትና በውኃ ጥም ይፈትናል።

እንግዲህ ስለ ተራራ የሚጻፍ ገጽ የጫፉን ቁጥር ሲያሰፍር የግርጌውን፣ የቁልቁለቱንና የውኃውን ነገር አብሮ ሊያስቀምጥ ይገባዋል። ደገኛውን ጎዳን አስንቆ በአንዲት ኮዳ ውኃ የሚያስወጣው ይህ የጎደለ ገጽ ነው።