«ሞተ» ወይስ «ሞተች»? - ስለ ጃኪ ኬይ «ትራምፔት»

ባለፈው የውይይት ምሽታችን የጃኪ ኬይን «ትራምፔት» አንስተን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ጭቅጭቁም በአንዲት ፊደል ላይ ነበር፤ በ«ች»። ገሚሶቻችን «ጆስ ሙዲ ሞተ» ስንል ገሚሶቻችን «የለም፣ ሞተች ነው የሚባለው» አልን። ልቦለዱን ትተን ሰዋስው ላይ ወደቅን ብለን ነበር። ኋላ ስናስበው ግን ለካ ልቦለዱ ራሱ ይኸው ነው።

ጆስ ሙዲ ስመ ጥር ጥቁር ስኮትላንዳዊ የጃዝ ትራምፔት ነፊ ነው። ሲሞት ሐኪሟ አስከሬኑን ስታይ በሴት አካል የተወለደ መሆኑ ይወጣል። ሚስቱ ሚሊ ከጥንትም ታውቃለች፤ የማደጎ ልጃቸው ኮልማን አያውቅም። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ እስክሪብቶውን ይዞ ይነሳል። ሐኪሟ «ወንድ» የሚለውን በቀይ ሰርዛ «ሴት» ትላለች፤ አልታይ ስላላት ደግማ በትልልቁ ትጽፈዋለች። የመዝገብ ሹሙ ግን የሚሊን ሐዘን አይቶ በዚያ በሚያምር ብዕሩ «ጆስ ሙዲ» ብሎ ስሙን ይጽፍላታል። እኛ ከመጽሐፉ ሁሉ እነዚህን ሁለት ብዕሮች ነው የወደድናቸው።

ለደራሲዋ መነሻ የሆናት የእውነት ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ተወልዶ በ1989 ስፖኬን በምትባል የአሜሪካ ከተማ የሞተው የጃዝ ፒያኖና ሳክስፎን ተጫዋች ቢሊ ቲፕተን። እሱም የማደጎ ልጆች አባት ነበር፤ ምስጢሩም የወጣው ሲሞት ነው። ዳያን ሚድልብሩክ የጻፈችው የሕይወት ታሪኩና «ትራምፔት» የወጡት በአንድ ዓመት፣ በ1998 ነው። የሕይወት ታሪኩ በርእሱ ላይ «ድርብ ሕይወት» ይላል። ድርብ ለማን? አብረውት ለኖሩት አንድ ሕይወት ነበር። ሁለት ያደረጉት ከሞተ በኋላ የደረሱት ናቸው።

የእንግሊዝኛ ጸሐፊ በ«እሱ»ና በ«እሷ» ከተጨነቀ ስሙን እየደጋገመ ገጽ ሙሉ መሸሽ ይችላል። እኛስ? በላ፣ ነፋ፣ አገባ፣ ሞተ - እያንዳንዱ ግሳችን ያጋልጠናል። ይህን ሂስ ስንጀምር ተንኮል አሰብን፤ «ጆስ ሙዲ አረፉ» እንበል አልን። አንቱታ ጾታ አይለይ! ግልግል መስሎን ነበር። ኋላ ግን ከበሮ መቺው ቢግ ሬድ ማኮል ትዝ አለን። ጓደኛው ነው፤ በጆስ ቀጭን ድምፅ የሚያላግጥን የማይምር ሰው ነው። ጋዜጠኛዋ ጉድ ለመልቀም ስትመጣበት የምትፈልገውን አያገኝላትም። እንዲህ ያለ ሰው የገዛ ጓደኛውን አንቱ ይላል? አይልም። በአማርኛ ቢያለቅስ «አንተ» እያለ ነው የሚያለቅሰው። ስለዚህ እኛም «ሞተ» ብለን ጻፍን፤ በሕይወቱ ሙሉ ሰው እንዲጠራው የፈለገውም እንደዚያ ነውና።

ጉድለት የለውም አንልም። ጋዜጠኛዋ ሶፊ ስቶንስ የካርቶን ሰው ናት፤ ክፋቷ ገና በሩን ሳትከፍት ይታወቃል። እንዲህ ያለችውን መጥላት ቀላል ነው። ከባዱ ኮልማን ነው፤ ተታለልሁ ብሎ ይናደዳል፣ አባቱን ለመሸጥ ይስማማል፣ በቁጣው መካከል ግን «አባቴ» ማለት አይተውም። አፉ ከልቡ ቀድሞ ያውቃል እንበል መሰለን። ደራሲዋ በዚህ ልጅ ላይ የጣለችው ትዕግሥት ግማሹ እንኳ ለሶፊ ቢተርፍ መልካም ነበር።

መጨረሻ ላይ ጆስ ለልጁ የተወው ደብዳቤ ይከፈታል። ኮልማንም እኛም ማብራሪያ ስንጠብቅ እሱ የሚተርከው በመርከብ ከአፍሪካ ስለመጣው ስለ ገዛ አባቱ ነው፤ እሱም በባዕድ አገር ሌላ ስም ስለወጣለት ሰውዬ። አንዳንዶቻችን ይህን ከጥያቄው መሸሽ ነው አልነው። ሌሎቻችን ሙት የፈለገውን የመናገር መብት አለው አልን። በሚቀጥለው ምሽት የምንነሳው ከዚሁ ምዕራፍ ነው፤ ያለን ቅጂ አንድ ብቻ ስለሆነ ያነበባችሁ ቶሎ መልሱ።