በሁለት ኩርባዎች መካከል ያለው 19 ብር

ከቦሌ በመገናኛ አድርጎ ወደ አያት የሚሄድ ሰው ከመስታወት ሕንፃው ጀርባ የቆርቆሮ ቤት ያያል። አማካይ ቁጥር ሁለቱን ጨፍልቆ አንድ ያደርጋቸዋል፤ የድምር ስርጭት ኩርባ ግን ሁሉንም በየቦታው ያስቀምጣል። በአግድሙ የአንድ አዋቂ ሰው ዓመታዊ ፍጆታ በብር፣ በቁመቱ ደግሞ ከዚያ መጠን በታች የሚኖረው ሕዝብ በመቶኛ ይሰፍራል። ኩርባው ከድሃው ይነሳና ወደ ሀብታሙ እየወጣ ይሄዳል።

ማዕከላዊ ስታትስቲክስ በ1997 እና በ2003 ዓ.ም. ያካሄዳቸውን የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናቶች በአንድ ዘመን ዋጋ አስልተን ሁለት ኩርባ ብንስል፣ በመካከላቸው ያለው ስፋት ራሱ ብር ነው። 100 ብር ወርድ ባላት ጠባብ ሰቅ ውስጥ የ2003ቱ ኩርባ 5 መቶኛ ነጥብ ዝቅ ቢል፣ ያቺ ሰቅ በነፍስ ወከፍ 5 ብር መሻሻል ማለት ናት። ሰቆቹን እስከ ድህነት ወለል ድረስ ስንደምር የድህነት ጥልቀት፣ ማለትም ድሆች ከወለሉ የሚጎድላቸው ለሕዝቡ ሁሉ ሲካፈል፣ ምን ያህል እንደተለወጠ እናገኛለን።

የሥራው ረቂቅነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከወለሉ በታች የሚኖረው ሕዝብ በእነዚያ ዓመታት ከ38.7 ወደ 29.6 በመቶ ወረደ፤ ትልቅ ለውጥ ነው። ጥልቀቱ ግን ከወለሉ 8.3 በመቶ ወደ 7.8 በመቶ ብቻ ቀነሰ። ወለሉ በ2003 ዋጋ 3,781 ብር ነበርና፣ የተጣራው ስፋት በነፍስ ወከፍ 19 ብር ገደማ ነው።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ፎስተር፣ ግሪርና ቶርቤክ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት መለኪያ ምስጢሩን ይገልጠዋል። የድህነት አስከፊነት የሚባለው ስሌት የእያንዳንዱን ድሃ ጉድለት በራሱ ስለሚያባዛ፣ እጅግ ለተጎዳው የበለጠ ክብደት ይሰጣል። እሱም ከ0.027 ወደ 0.031 ከፍ አለ። የ2003ቱ ኩርባ እስከ ወለሉ ድረስ ከ1997ቱ በታች ቢሆን ኖሮ ይህ ፈጽሞ አይሆንም ነበር። ስለዚህ ሥዕሉን ሳናይ እንኳ ኩርባዎቹ ከወለሉ በታች እንደተሻገሩ እናውቃለን፤ በግራ ጫፍ ያለው ስፋት ኪሳራ፣ ወደ ወለሉ የቀረበው ትርፍ ነው። 19 ብሩ ሁለቱ ተቻችለው የተረፈው ነው።

ኩርባን በጥንቃቄ የሚያነብ ባለሙያ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ኪሳራ እንዲሸፍን አይፈቅድም። የስፋቱን መጠን ሲነግረን የተሻገሩበትንም ነጥብ ያሳየን፤ ዕድገቱ ያልደረሳቸው ሰዎች የሚገኙት ከዚያ በስተግራ ነውና።