መምህሩ ኮሎኔል ሮቢንሰን

ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአሜሪካ መጥተው ከጎናችን የተሰለፉ ጥቁር አብራሪ በመሆናቸው ነው። እኔ ግን አብልጬ የማከብረው መምህርነታቸውን ነው። በቺካጎ ይገኝ የነበረ አንድ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በቀለማቸው የተነሳ አልቀበልም ሲላቸው፣ እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ትምህርቱን ከጥግ ሆነው ያዳምጡ ነበር። ኋላ ተፈቅዶላቸው ተመረቁ፤ በተከለከሉበት ትምህርት ቤትም ጥቁር ተማሪዎችን አስተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያ ሲደርሱ ንጉሠ ነገሥቱ የአየር ኃይሉን አዛዥነት ሰጧቸው። አየር ኃይል ይባል እንጂ የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂት፣ ያረጁና መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ። በእነዚያ አውሮፕላኖች የጣሊያን ተዋጊዎች በሚያንዣብቡበት ሰማይ ላይ መልእክትና መድኃኒት አመላለሱ። ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብም እዚያው ነበሩ።

ይህ ብቻ እንኳ ባለውለታ ያደርጋቸዋል። እሳቸው ግን ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ለውጊያ ሳይሆን ወጣቶቻችንን በረራ ለማስተማር። ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ከደረሰባቸው ጉዳት ሳያገግሙ አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ፤ የተቀበሩትም እዚሁ ነው። ስማቸውን ለልጆቻችሁ ንገሩ።