«ቅነሳ» የማይቀንስበት ስፍራ፦ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

የወርቅና የብር ናኖ ቅንጣቶችን በቀላል ኬሚካዊ ዘዴ አዘጋጅቶ ለራማን ስፔክትሮስኮፒ ስለ ማዋል የሚያትት የትርጉም ረቂቅ ለሂስ ደርሶናል። ተርጓሚው ቋንቋ አዋቂ መሆናቸው ከዓረፍተ ነገሮቻቸው አሰካክ ይታያል። ዋናው ችግር በአንድ ቃል ላይ ነው፤ ረቂቁ ሪዳክሽንን በሁሉም ስፍራ «ቅነሳ» ይለዋል።

ዘዴው ቱርኬቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1951 ያጠኑት ነው። በውሃ የሟሟ የወርቅ ክሎራይድ ውሁድ እየፈላ ሶዲየም ሲትሬት ሲጨመርበት፣ ፈዛዛ ቢጫ የነበረው ፈሳሽ በደቂቃዎች ውስጥ የቀይ ወይን መልክ ይይዛል። የሆነው ነገር ሲትሬቱ ለወርቁ አዮን ኤሌክትሮን መስጠቱ ነው፤ የቀነሰ ወርቅ የለም። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በግርጌ ማስታወሻ ሊታረም ይችል ነበር። ነገር ግን ፍሬንስ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው፣ ሲትሬቱ ከወርቁ አንጻር ሲበዛ ቅንጣቶቹ መጠናቸው ያንሳል። ረቂቁ ይህን «ቀናሹ በበዛ ቁጥር ቅንጣቶቹ ይቀንሳሉ» ብሎታል። አንባቢ ከዚህ የሚረዳው ቁጥራቸው መጉደሉን ነው፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። የወርቁ ልክ ያው ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ባነሰ መጠን ቁጥራቸው ይበዛል። የራማን ምልክት ጉላት በቅንጣቶቹ መጠን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በዚህ ዓረፍተ ነገር የሚመራ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ከመነሻው ይሳሳታል።

የላቲኑ ሥርወ ቃል «ወደ ኋላ መመለስ» ማለት ነው፤ ቀድሞም አፈርና ድንጋይ መስሎ የተገኘውን ማዕድን ወደ ብረትነት ለመመለስ ይነገር ነበር። በዚህ መሠረት «ምልሰት» ማለት ያስደስታል፤ ለወርቁ ይስማማልም። ሆኖም ብረት በሌለበት አጸግብሮት ስለማይሠራ፣ ኦክሲዴሽን በውሰት እንደ ገባ ሁሉ ሪዳክሽንም ከጥንዱ ጋር ቢገባ ይሻላል።

«ደቂቅ ቅንጣት» የተባለውንም አልተቀበልነውም፤ ደቂቅ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ስም ሆኖ ቆይቷል፤ እነዚህ ደግሞ ከብዙዎቹ ናኖ ቅንጣቶች እጅግ ይገዝፋሉ። «ዳሰሳ»ም የጥናት ዓይነት ስም ስለ ሆነ፣ ለዚህ ጉዳይ «መለየት» ይበቃል።

ጨው ሲጨመር ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዩ ፈሳሽ ወደ ሰማያዊነት የሚለወጥበትን ሁኔታ ግን ረቂቁ «መጓጎል» ብሎታል። ዱቄት በሚበጠበጥበት ጊዜ ሲጓጉል ያየ ሁሉ ያለ መፍቻ ይረዳዋል። የራማን ምልክት እጅግ የሚጎላው በተጓጎሉት ቅንጣቶች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት በመሆኑ፣ ቃሉ በመዝገቡ ራሱን ችሎ እንዲገባ እንጠይቃለን።